ስለ ድንቅነሽ የሚታወቀውና የሚገመተው

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የዓለም መገናኛ ብዙኃን አንድ ዜና ተቀባበሉ፤ ድንቅነሽ የሞተችው ከዛፍ ወድቃ ነው የሚል ነበር። የወደቀችበት ከፍታ ከ12 ሜትር በላይ እንደሆነ፣ መሬት ስትነካ ፍጥነቷ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደነበረ ሳይቀር ተነገረ። ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ አፈር ውስጥ የቆየች ፍጡር የአሟሟቷ ነገር በአንድ ቀን እልባት ያገኘ መሰለ። ዛሬም ድረስ ድንቅነሽ እንዴት ሞተች ተብሎ ሲጠየቅ፣ ያለ ምንም ማመንታት "ከዛፍ ወድቃ" ብሎ የሚመልስ ሰው አይጠፋም።

ከዜናው ጀርባ ያለው ጥናት የዋዛ አልነበረም። በኦስተን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው "ኔቸር" በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ነው። ድንቅነሽ ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ በተወሰደችበት ወቅት አጥንቶቿ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሥተው ወደ 35,000 የሚጠጉ ምስሎች ተገኝተው ነበር። ተመራማሪዎቹ ምስሎቹን ሲያገላብጡ ቀልባቸውን የሳበው የቀኝ ክንዷ የላይኛው አጥንት ነው፤ በተለይ ትከሻ ላይ የሚገጥመው ጫፉ። ጫፉ ተጨፍልቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ስንጥቆቹ ሹል ናቸው፤ ስብርባሪዎቹም ከቦታቸው ብዙም አልራቁም። ጉዳዩ ለአጥንት ሐኪም ቢቀርብ፣ ከከፍታ የወደቀ ሰው ራሱን ለማዳን እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሲመታ የሚደርስበት ስብራት ይህን ይመስላል የሚል ምላሽ ተገኘ። የዛፉ ታሪክ የተገነባው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ድንቅነሽን ያገኟት ዶናልድ ጆሃንሰን ግን ታሪኩን አልተቀበሉትም። ሌላው ዕውቅ የመስኩ ተመራማሪ ቲም ኋይትም እንዲሁ። የጆሃንሰን መከራከሪያ ቀላል ነበር፤ እንዲህ ያለ ስብራት በዝሆን ቅሪተ አካል ላይም ይታያል፣ ዝሆን ደግሞ ዛፍ ላይ አይወጣም። የተቀበረ አጥንት የአፈርና የአለት ክብደት ለሚሊዮን ዓመታት ይጫነዋል፤ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ይሰባበራል። ስብራቱ የመዳን ምልክት የለውም መባሉም ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይሠራል። በሞተችበት ቅጽበት ከደረሰ አይድንም፤ ከሞተች በኋላ ከደረሰም አይድንም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት ነገር አለ። ስብራቱ መኖሩን ማንም አይክድም፤ የክንዷና የጉልበቷ ምስል ፋይል ሳይቀር ለሕዝብ ተለቅቋል። ከዛፍ መውደቋ ግን ስብራቱን ለማስረዳት ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ነው፣ ብርቱ ተቃውሞም ገጥሞታል። የዜናው ጥፋት ግምቱን መዘገቡ አልነበረም። ጥሬውንና ብስሉን በአንድ ሳህን ማቅረቡ ነው።

ይህ ጉዳይ የሊቃውንት ጭቅጭቅ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአዲስ አበባ ካፌዎችም ሆነ በዋሽንግተን ሐበሻ ሬስቶራንቶች ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ ወሬ ሲነሣ፣ "ሳይንቲስቶች እንደሆኑ ዛሬ ያሉትን ነገ ይለውጡታል" የሚል አስተያየት ይሰማል። አስተያየቱን የሚሰጠው ሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚለዋወጥ ነገር እያየ ነው። ያልተነገረው፣ የተለወጠው ድሮውንም ግምት እንደነበረ ነው። ግምቱ እንደ ዕውቀት ሆኖ ከቀረበለት፣ ግምቱ በወደቀ ቀን ዕውቀቱንም አብሮ ቢጥለው ሊወቀስ የሚገባው ያቀረበለት ሰው ነው።

ታዲያ ስለ ድንቅነሽ በእርግጥ የሚታወቀው ምንድን ነው? ብዙ ነው፤ ከዛፉ ታሪክም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

የተገኘችው እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1974 አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ነው። ከአጽሟ 40 በመቶ የሚሆነው ተሰብስቧል። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ቁመቷ ያነሰው ሕፃን ስለነበረች አይደለም። ዕድሜዋ ደግሞ ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት ጥቂት ያነሰ ነው። ይህ ቁጥር በዐይን ግምት የተነገረ አይደለም። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሚተፋው አመድ ፖታሲየም ያለባቸው ጥቃቅን ክሪስታሎች ይዟል። ፖታሲየም 40 የተባለው ዓይነት በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ ግማሹ ወደ ሌላ ይለወጣል፤ ከዚያ ውስጥ ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ሆኖ ክሪስታሉ ውስጥ ይታሰራል። ቅልጡ አለት ግሎ እያለ ጋዙ ስለሚያመልጥ፣ ቆጠራው የሚጀምረው ከፍንዳታው ቀን ነው። ከድንቅነሽ ሥር ያለው የአመድ ንጣፍ በዚህ መንገድ ተለክቶ 3.18 ሚሊዮን ሆነ። ከበላይዋ ያለው ሌላ ንጣፍ ደግሞ ወደ 2.95 ሚሊዮን ይጠጋል። እሷ በሁለቱ መካከል፣ ለታችኛው ቀርባ ተገኘች።

በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ መሄዷም እንዲሁ የተረጋገጠ ነው። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ እንደ እኛ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው። ከእሷ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚያው ሐዳር የተገኘው የሌላ ፍጡር ጉልበትም ያንኑ ይናገራል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1978 ታንዛኒያ፣ ላየቶሊ ላይ የሜሪ ሊኪ ቡድን 3.66 ሚሊዮን ዓመት የሆነው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመ የእግር ዱካ አገኘ፤ በሁለት እግር የተሄደ። ጉልበት፣ ዳሌ፣ ዱካ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ተመርምሮ ሁሉም ወደ አንድ መልስ ሲያመራ፣ ያን ጊዜ ነው ግምት መባሉ የሚያበቃው።

ከዚህ ዝቅ ብለን ስንመጣ ደግሞ መሬቱ እየላላ ይሄዳል። ሴት መሆኗን አብዛኛው ተመራማሪ ይቀበላል፤ ምክንያቱም ከዘመዶቿ አጥንት ጋር ስትነጻጸር በጣም ትንሽ ናት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1995 የዙሪክ ተመራማሪዎች ዳሌዋን መርምረው ወንድ ልትሆን ትችላለች ብለው ተከራክረዋል፤ ብዙ ተከታይ ባያገኙም። የቆዳዋ ቀለም፣ የፀጉሯ ብዛት፣ የአፍንጫዋ ለስላሳ ክፍል ግን ከአጥንት የሚነበቡ አይደሉም። በልዩ ልዩ ሙዚየሞች የቆሙት የድንቅነሽ ሐውልቶች እርስ በርስ የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን እነዚህን ሐውልቶች አነጻጽሮ፣ ብዙው ነገር በቀራፂው ምርጫ የተሞላ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። አንድ ተማሪ ሐውልቱን ሲያይ ዐይኗንም ቁመቷንም እኩል አምኖ ይወጣል። ቁመቷ ተለክቷል፤ ዐይኗ የቀራፂው ነው።

የተለካው ነገርም ቢሆን ከመመርመር አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ውስጥ የድንቅነሽን አጽም ቅጂ መልሰው ሲገጣጥሙ የነበሩ ባለሙያዎች አንዲት የጀርባ አጥንት ቁራጭ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም አለቻቸው፤ በጣም አነሰች። ከብዙ እንስሳት አጥንት ጋር ሲያስተያዩዋት የጭላዳ ዝንጀሮ ጥንታዊ ዘመድ ሆና ተገኘች። ከአርባ ዓመት በላይ ከድንቅነሽ ጋር ተቀላቅላ ኖራለች ማለት ነው። ዜናውን የሰሙ አንዳንዶች "ድንቅነሽ ዝንጀሮ ሆና ተገኘች" ብለው ቢያወሩ አይገርምም። ባለሙያዎቹ ግን ሌሎቹን ቁርጥራጮች ሁሉ አንድ በአንድ አይተው የእሷው መሆናቸውን አረጋግጠዋል። አንዲት ቁራጭ ከብዙ ስብርባሪዎች መሐል ተለይታ መውጣቷ ቀሪውን አጸናው እንጂ አላናጋውም።

ግምት እንዴት እንደሚሞገት፣ ዕውቀትስ እንዴት እንደሚጸና ለማየት ከኬንያው ኩቢ ፎራ የተሻለ ታሪክ ማግኘት ይከብዳል። በቱርካና ሐይቅ ምሥራቅ ዳርቻ ኬ.ቢ.ኤስ. የተባለ የአመድ ንጣፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ እንግሊዝ አገር ያሉ ባለሙያዎች ለክተው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው አሉ። በ1972 የሪቻርድ ሊኪ ቡድን ባልደረባ በርናርድ ንጌኔዮ ከዚያ ንጣፍ በታች ትልቅ አንጎል ያለው የራስ ቅል አገኙ። ከ2.6 ሚሊዮኑ በታች ከሆነ ዕድሜው ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋል ማለት ነው። ያኔ የእኛ የሆሞ ወገን ከተገመተው እጅግ የቆየ ሊሆን፣ በኋላ የሚገኙት እነ ድንቅነሽም ከዘር ሐረጉ ወደ ዳር ሊገፉ ሆነ። ዓለም ተደነቀ።

ያልተደነቁት አሳማ የሚያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ባዝል ኩክ የተባሉት ሊቅ የጥንት የዱር አሳማዎችን ጥርስ ዕድሜ ልካቸውን ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። አሳማ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ የመንጋጋ ጥርሱ በየዘመኑ እየረዘመና ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ጥርሱን አይቶ ንጣፉ የየትኛው ዘመን እንደሆነ መለየት ይቻላል። ኩክ ከኬ.ቢ.ኤስ. በታች የወጡትን የአሳማ ጥርሶች በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞ ሸለቆ ከወጡት ጋር ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። የኦሞው ንጣፍ በቅደም ተከተል ተደርድሮ በጥሩ ሁኔታ የተለካ ነበር። የኩቢ ፎራው አሳማ የሚመስለው የ2.6 ሚሊዮኑን አይደለም፤ የሁለት ሚሊዮኑን የኦሞ አሳማ ነው። ጭቅጭቁ ለዓመታት ዘለቀ፤ ወዳጅነትም አበላሸ። በ1975 የካሊፎርኒያ ላቦራቶሪ ንጣፉን እንደገና ለክቶ ከሁለት ሚሊዮን በታች አገኘው። በ1977 ቲም ኋይትና ጆን ሃሪስ የአፍሪካን የአሳማ ቅሪተ አካላት ሰብስበው መርምረው ከኩክ ጎን ቆሙ። ከ1980 ወዲህ በተለያየ ዘዴ የተደረጉ ልኬቶች ሁሉ 1.88 ሚሊዮን አካባቢ ላይ አረፉ። የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተው በውሃ ታጥቦ የመጣው አመድ ከእሱ የሚበልጡ አሮጌ ክሪስታሎች ስለተቀላቀሉበት ነበር።

ይህ ታሪክ አንድ ሌላ ትምህርት ይዟል፤ ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ቻላቸው ሥዩም አፋር ውስጥ ሌዲ ገራሩ ላይ አንድ የታችኛ መንጋጋ አገኙ፤ ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት፣ የሆሞ ወገን እንደሆነም በ2015 ይፋ ሆነ። ታዲያ ሊኪ ልክ ነበሩ? የሆሞን ጥንታዊነት በተመለከተ ወደ እውነቱ ተጠግተው ነበር ማለት ይቻል ይሆናል። ይዘውት የነበረው ማስረጃ ግን አይቆምም ነበር። በ1970ዎቹ የነበረ አንባቢ ልክ ለመሆን ሊኪን ማመን አልነበረበትም፤ "ገና አልተረጋገጠም" ማለት ነበረበት። ግምት ቆይቶ እውነት ሆኖ መገኘቱ ያን ጊዜ ዕውቀት ነበር አያሰኘውም።

በኢትዮጵያ ይህ ነገር ከአገር ኩራት ጋር ስለሚነካካ ጥንቃቄው የበለጠ ያስፈልጋል። አገሪቱ ራሷን ለጎብኚ የምታስተዋውቀው "ምድረ ቀደምት" ብላ ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አላት። በኦሞ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኙት የእኛው ዝርያ አጥንቶች መጀመሪያ 130,000፣ በ2005 ወደ 195,000፣ በ2022 ደግሞ ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ተባሉ። የመጨረሻው ቁጥር የተገኘው ከአጥንቶቹ በላይ ያለው አመድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቀው ከሻላ እሳተ ገሞራ እንደመጣ በኬሚካሉ ስለታወቀ ነው። ቁጥሩ ሲለዋወጥ ላየ ሰው ግራ ያጋባል። ነገር ግን "ቢያንስ" የምትለዋን ማስተዋል ነው። አመዱ ከላይ ስለሆነ አጥንቱ ከአመዱ አያንስም፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን አይናገርም። ይህች ቃል ከዜና ርዕስ ላይ ስትወድቅ፣ ጥናቱ ያላለውን እንዲል ይደረጋል።

በሞሮኮ፣ ጀበል ኢርሁድ በሚባል ስፍራ የተገኙ የራስ ቅሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 300,000 ዓመት ተጠግተዋል፤ ፊታቸው እኛን ይመስላል፣ የአንጎል ማኅደራቸው ግን ረዘም ያለ ነው። ሙሉ በሙሉ እኛ ናቸው ወይ የሚለው ያከራክራል። የሰው ልጅ መነሻ አፍሪካ መሆኑ በአጥንትም በዘረመልም የጸና ነው። ከአፍሪካ ውስጥ የትኛው አገር፣ የትኛው ሸለቆ የሚለው ግን አልጸናም፤ ምናልባትም አንድ ቦታ ላይሆን ይችላል። ስምጥ ሸለቆ አጥንት የሚቀብር ደለል፣ ዕድሜ የሚናገር አመድ፣ የተቀበረውንም መልሶ የሚገልጥ ጎርፍና መሸርሸር አንድ ላይ አለው። የምዕራብ አፍሪካ ደን አፈር ግን አጥንት ይበላል። ብዙ የተገኘበት ቦታ ብዙ የኖረበት ቦታ ነው ማለት ያስቸግራል።

ይህን ትልልቅ ሰዎችም ተሳስተውበታል። ከሐዳር ጉዞ መሪዎች አንዱ የነበሩት ፈረንሳዊው ኢቭ ኮፐንስ በ1980ዎቹ አንድ የሚያምር ሐሳብ አቀረቡ። ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት ምሥራቁ ደረቀ፣ ደኑ ሳሳ፣ እዚያ የቀሩት በሁለት እግር መሄድ ጀመሩ፤ ከሸለቆው በስተ ምዕራብ የቀሩት ቺምፓንዚ ሆኑ። ቀላል ነው፣ ይማርካል፣ በብዙ አገር መምህራን አስተምረውታል። ከዚያ በ1995 ከሸለቆው 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ቻድ ውስጥ የድንቅነሽ ዘመድ መንጋጋ ይፋ ሆነ። በ2001 ደግሞ እዚያው ቻድ ቱማይ የተባለው ከስድስት ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የራስ ቅል ተገኘ። ኮፐንስ ራሳቸው ሐሳባቸውን ተዉት። ሊቁ ሊመሰገኑ ይገባል፤ መላምት ማቅረብም፣ ማስረጃ ሲመጣ መተውም የሳይንስ ሥራ ነው። ችግሩ የተማሪዎቹ ነው፤ እንደተረጋገጠ ነገር የተማሩት ተማሪዎች መሻሩን የነገራቸው የለም።

ድንቅነሽ "የሰው ዘር ሁሉ እናት" የምትባለውም በዚህ ዐይን መታየት አለበት። ወገኗ የእኛ ቅድመ አያት ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች ያስባሉ፤ ጥሩ ምክንያትም አላቸው። ሆኖም ከሐዳር ብዙም በማይርቀው ወራንሶ ሚሌ የዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው የእግር አጥንት በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ፍጡር አብሮ ይኖር እንደነበር አሳይቷል፤ አውራ ጣቱ እንደ እጅ ይጨብጣል። ከጎረቤቶቹ ማንኛው እኛን እንደወለደ ለመናገር ያሉት አጥንቶች ገና አይበቁም። እሷ በግሏ እናታችን ናት የሚለው ደግሞ ጨርሶ ሊታወቅ የሚችል ነገር አይደለም።

ጋዜጠኛም ሆነ መምህር ወይም አስጎብኚ ከዚህ ሁሉ የሚጠበቅበት ከባድ ነገር አይደለም። "ተለካ"፣ "በብዙ ማስረጃ ጸና"፣ "እገሌ ያስባሉ፣ እነ እገሌ ይቃወማሉ" የሚሉትን መለየት በቂ ነው። አማርኛ ለዚህ አያጥረውም፤ ተናጋሪው "ይመስላል"፣ "ሳይሆን አይቀርም"፣ "ይሆናል" እያለ በየደረጃው የሚናገር ሕዝብ ነው። የመማሪያ መጽሐፍም ክርክር ያለበትን ክርክር አለበት ብሎ ቢያስቀምጥ ተማሪው አይናቅም፤ ይከበራል እንጂ።

ለምሳሌ የዲኪካን ነገር መውሰድ ይቻላል። የሕፃኗ ሰላም አጽም በተገኘበት በዚያ የአፋር ምድር፣ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 3.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው፣ የድንጋይ ስለት ቆርጧቸዋል ያላቸውን ሁለት የእንስሳት አጥንቶች ይፋ አደረገ። አንዳንድ ተመራማሪዎች ጭረቱ የእንስሳት ኮቴ ነው አሉ። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቻቸው በ2017 የአዞ ጥርስም እንዲህ ያለ ምልክት እንደሚተው አሳዩ። በመካከሉ፣ በ2015፣ ኬንያ ውስጥ ሎሜክዊ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው ተነገረ፤ የዲኪካን ሐሳብ አበረታው፣ አልቋጨውም ግን። ከዚያው ከዲኪካ ንጣፍ ውስጥ ስለት ያለው ድንጋይ እስኪወጣ፣ ወይም ስለትን ከአዞ ጥርስ የሚለይ አስተማማኝ ምልክት ላይ ሁለቱም ወገን እስኪስማሙ ድረስ፣ ሁለቱ አጥንቶች በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ መግባት ያለባቸው ከሁለቱም ወገን መከራከሪያ ጋር ነው።